የጅምላ ፍረጃ ምንድን ነው?

ደሴ ያደገ ሰው ቃሉን ሳይሰማ ነገሩን ያውቀዋል። ሌላ ከተማ ሄጄ «ወሎዬ ነኝ» ስል ትልልቆቹ ወዲያው የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ ትዝ ይላቸዋል። ከንፈር ይመጣሉ። እኩዮቼ ደግሞ «የቆንጆ አገር!» ይላሉ። አንዱ ያሳዝናል፣ ሌላው ደስ ይላል። ሁለቱም ግን እኔን ገና አላዩኝም።

የጅምላ ፍረጃ ይኸው ነው። ሰውን በራሱ ሳይሆን ስለ ወገኑ ቀድመን በያዝነው ሥዕል መመዘን። ፈረንጆቹ ስቴሪዮታይፕ ይሉታል። ቃሉ መጀመሪያ የማተሚያ ቤት ነበር፤ አንዴ ከተቀረጸ ያንኑ ገጽ ደጋግሞ የሚያትም የብረት ሰሌዳ። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ዋልተር ሊፕማን በ1922 እ.ኤ.አ. በጭንቅላታችን ለተሳለው ሥዕል ተዋሰው።

ብሔርን የተመለከተ ፍረጃ በወጣቶች ውጤት ይሰበራል እንላለን። እውነት ነው፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም።

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ኮምቦልቻም ግቢ አለው። ተማሪው ከየክልሉ ተመድቦ ይመጣል። እንበልና አንድ ብሔር «ለሒሳብ አይሆኑም» ተብሎ ተፈርጇል። ከዚያ የመጣች ልጅ ኮምቦልቻ ኢንጂነሪንግ ገብታ ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። ልጆቹ ምን ይላሉ? «እሷማ ከነሱ አትመስልም!»

ይህን ሙገሳ አጥብቄ እጠላዋለሁ። እሷን ብቻ ያወጣና ወገኖቿን እዚያው ይተዋቸዋል። ሰሌዳው አልተነካም።

ዌበርና ክሮከር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናትም ይህንኑ ያሳያል። ከፍረጃው ጋር የሚጋጨው ነገር በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ ሲታይ፣ እነሱ «ልዩ ናቸው» ተብለው ይታለፋሉ። በብዙዎች ላይ ተበትኖ ሲታይ ግን ሥዕሉ ይላላል። ስለዚህ ሜዳሊያ ያጠለቀችው ብቻዋን አትበቃም። ቢ ያመጣችውም፣ ደግማ ተፈትና ያለፈችውም መታየት አለባቸው።

የት ይታያሉ? አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ መቀራረብ ፍረጃን ለመስበር የሚሠራው ሰዎች እኩል ሆነው፣ ለአንድ ግብ ተባብረው ሲለፉና የበላይ አካልም ሲደግፋቸው ነው። እኔ የግሩፕ ፕሮጀክት ነው የሚታየኝ። አምስት ልጆች፣ አንድ ውጤት፣ ነገ የሚረከቡት ሥራ። ሌሊቱን አብረው ያመሻሉ። አንዱ ሻይ ያመጣል፣ አንዷ ስሌቱን ትፈትሻለች። ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ «ያቺ የእነ እንትና ብሔር ልጅ» ማለቱ ይቀራል። በስሟ ይጠሯታል። «ነገ ላብራቶሪ አለን፣ ማስታወሻሽን አውሺኝ» ይሏታል።