የማስተጋባት ጊዜ ምንድን ነው? የሙዚቃ አዳራሽስ ለምን ከፍ ያለ ጣሪያ ይፈልጋል?

ቤት ቀይራችሁ ታውቃላችሁ? ዕቃው ገና አልገባም፣ ሳሎኑ ባዶ ነው። አንድ ቃል ስትናገሩ ግድግዳው ተቀብሎ ያስተጋባዋል። የራሳችሁ ድምፅ የሌላ ሰው ይመስላችኋል። ማታ ላይ ሶፋው ይገባል፣ ምንጣፉ ይነጠፋል፣ መጋረጃው ይሰቀላል። ያ ድምፅ የለም። ክፍሉ ያው ክፍል ነው። የተለወጠው፣ ድምፅ ከመጥፋቱ በፊት ክፍሉ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

የማስተጋባት ጊዜ የሚባለው ይሄ ነው። ከገደል ማሚቶ ጋር ግን አንድ አይደለም። ገደል ማሚቶ የጮኻችሁትን ቃል ዘግየት አድርጎ ለብቻው ይመልስላችኋል። ማስተጋባት ሲሆን ድምፁ ከግድግዳ፣ ከጣሪያና ከወለል እየነጠረ ይመጣል። ምላሾቹ እጅግ ብዙ ናቸው፣ ደግሞም ይደራረባሉ። ጆሯችን አንዱን ከሌላው መለየት ስለማይችል እንደ አንድ የሚረዝም ድምፅ ይሰማናል። ባለሙያዎች ሲለኩት ድምፁን ድንገት ያቋርጡና በ60 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) እስኪቀንስ ድረስ ያለውን ሰከንድ ይቆጥራሉ። በጉልበት ከታሰበ፣ ወደ አንድ ሚሊዮንኛው እስኪወርድ ማለት ነው።

ይህን መጀመሪያ በቁጥር የያዘው ዋላስ ሳቢን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር ነው። በ1895 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የመማሪያ አዳራሽ ሠርቶ ነበር። መምህሩ ሲናገር ግን ተማሪው አይሰማም። አንድ ቃል ከ5 ሰከንድ በላይ ስለሚቆይ ቀጣዩ ቃል በፊተኛው ላይ ይወጣበታል። መፍትሔ ፈልግ የተባለው ሳቢን ገና 30 ዓመት አልሞላውም። በአቅራቢያው ካለ ቴአትር የወንበር ትራሶች እያመጣ በየሌሊቱ ይደረድራል። የኦርጋን ቧንቧ ይነፋል፣ ያቆማል፣ ድምፁ ከጆሮው እስኪጠፋ ሰዓት ይይዛል። ሲነጋ ትራሶቹ ለባለቤቱ ይመለሳሉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይኼ ነው፦ የለበሰው ልብስ እንኳ ልኬቱን እንደሚያዛባ ሲያውቅ የደከመበትን ውጤት ጥሎ እንደ አዲስ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ሲለካ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ልብስ ይለብስ ነበር።

የደረሰበት ሕግ ቀላል ነው። ክፍሉ በሰፋ ቁጥር ድምፅ ይቆያል። ክፍሉ ውስጥ ድምፅ የሚመጥጥ ነገር በበዛ ቁጥር ድምፅ ቶሎ ይጠፋል። በዚህ ስሌት ታስቦ የተሠራው የመጀመሪያው የሙዚቃ አዳራሽ በ1900 የተከፈተው የቦስተኑ ሲምፎኒ ሆል ነው። ዛሬም ከዓለም ምርጥ አዳራሾች መካከል ይቆጠራል።

ታዲያ ስንት ሰከንድ ነው ጥሩ? እንደ ሥራው ነው። ለንግግርና ለቴአትር 1 ሰከንድ ገደማ ይበቃል። ለሲምፎኒ ኦርኬስትራ ወደ 2 ሰከንድ ይፈለጋል። በትልቅ የድንጋይ ካቴድራል ውስጥ ከዚህም ብዙ ይረዝማል። ለዚህ ነው እዚያ ቀስ ያለ ዜማ ሲያምር፣ ፈጠን ያለ ስብከት ግን ቃሉ ተቀላቅሎ የሚያስቸግረው። “ሁለገብ አዳራሽ” ተብለው ለስብሰባም ለሙዚቃም የሚሠሩ ክፍሎች ብዙ ጊዜ ሁለቱንም የማያስደስቱትም በዚሁ ምክንያት ነው።

“ድምፅ ማጉያ አለ አይደል?” የሚል አይጠፋም። ማጉያ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። ኦርኬስትራ ግን የሚጫወተው ያለ ማጉያ ነው። የቫዮሊኑ ድምፅ ተመልካቹ ጋ ሲደርስ ግማሽ ሥራውን የሠራው ክፍሉ ነው። ክፍሉ ራሱ የሙዚቃ መሣሪያ ነው ብላችሁ ብታስቡት አትሳሳቱም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ። አዳራሽ ውስጥ ድምፅን በብዛት የሚመጥጠው ሰው ነው። ልብሳችንና ገላችን እንደ ስፖንጅ ናቸው። ተመልካቹን ደግሞ መቀነስ አይቻልም፣ አዳራሹ የተሠራው ለእሱ ነውና። ስለዚህ ድምፁ 2 ሰከንድ እንዲቆይ ከተፈለገ የሚቀረው መንገድ አየሩን ማብዛት ነው። የተለመደው ግምት ለአንድ ወንበር 10 ሜትር ኩብ አካባቢ ነው። አንድ ሺህ ወንበር ካለ 10,000 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል ማለት ነው። ክፍሉ 20 ሜትር ወርድና 30 ሜትር ርዝመት ቢኖረው ጣሪያው ወደ 17 ሜትር ከፍ ይላል። ይህ አምስት ፎቅ ያህል ነው፣ ያውም ባዶ አየር ብቻ። ወደ ጎን እናስፋው ብትሉ ደግሞ የጎን ግድግዳዎቹ ከአድማጩ ይርቃሉ፣ ከጎን ቶሎ ነጥሮ የሚመጣውና ሰውን በሙዚቃው መሃል የሚያስቀምጠው ድምፅ ይደክማል። በ1870 የተሠራውና ሁሉም የሚያደንቀው የቪየናው ሙዚክፌራይን አዳራሽ ወርዱ 19 ሜትር፣ ከፍታው ወደ 18 ሜትር ነው። ቅርጹ የጫማ ካርቶን ነው የሚመስለው።

ይህን ሳጥን ወስዳችሁ ጥንታዊ ከተማ አጠገብ ለማስቀመጥ ሞክሩ። ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ኤድንብራን ልንገራችሁ። የስኮትላንድ ዋና ከተማ ናት፣ አሮጌውም “አዲሱም” ሰፈሯ ከ1995 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። “አዲሱ” የሚባለው ራሱ በ1767 በጄምስ ክሬግ ፕላን የተቀየሰ ነው። በፕላኑ መሠረት የዋናው ጎዳና ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሊቆም ነበር። ሎውረንስ ዳንዳስ የተባሉ ባለሀብት ግን ቦታውን ቀድመው ያዙና መኖሪያ ቤታቸውን ሠሩበት። ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። የዳንዳስ ቤት ግን እስከ ዛሬ የጎዳናው መዝጊያ ሆኖ ቆሟል፣ ለረጅም ዘመንም የባንክ ቤት ነበር።

አዲሱ የሙዚቃ አዳራሽ፣ ዳናርድ ሴንተር፣ የታሰበው ልክ ከዚህ ቤት ጀርባ ነው። ወንበሩ 1,000 ነው። አርክቴክቱ ዴቪድ ቺፐርፊልድ ሲሆን የድምፁን ሥራ የያዘው ናጋታ አኩስቲክስ የተባለው የጃፓን ድርጅት ነው። ከተማዋ እንዲህ ያለ አዳራሽ ከሠራች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል፣ የቀድሞው አዳራሽ፣ አሸር ሆል፣ የተከፈተው በ1914 ነው። ቦታው ጠባብ ነው። ከፊት ለፊቱ ሁሉም የሚሳሳለት ቤት፣ ከጀርባው ትልቅ የገበያ ማዕከል አለ። በ2019 ፈቃድ ያገኘው የመጀመሪያው ንድፍ በከፍታውና በግዝፈቱ አከራከረ፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። በኋላ በሽምግልና አለቀና ንድፉ ተከለሰ።

እንዴት ተከለሰ? ከላይ የተቀነሰውን ከታች ፈለጉት። አዳራሹ ወደ መሬት ውስጥ ዝቅ እንዲል ተደረገ፣ ከላይ የሚታየው ሕንፃ አጠረ። የተከለሰው ንድፍ በ2021 ጸደቀ። ይህን መፍትሔ በጣም ነው የምወደው። አየሩን ቆርጠው ሙዚቃውን ቢያደርቁት ኖሮ ከተማዋ ለሌላ መቶ ዓመት ደካማ አዳራሽ ይዛ ትቀር ነበር። የጎዳናውን እይታ ቢሰብሩት ደግሞ መልሶ የሚያስተካክለው አይኖርም።

መቆፈርም የራሱ ዕዳ አለው። ወደ መሬት በወረዳችሁ መጠን የትራምና የመኪና ንዝረት ይቀርባችኋል። ለዚህ መድኃኒቱ ሳጥን በሳጥን ውስጥ መሥራት ነው። የአዳራሹ ክፍል ከውጪው ሕንፃ ተለይቶ በጎማ ወይም በስፕሪንግ ላይ ይቀመጣል። ገንዘብ ይበላል፣ ግን ዝም ሲባል ዝም የሚል ክፍል የሚገኘው በዚህ ነው።

ሌላ መንገድ የመረጠችው የስዊዘርላንዷ ሉሰርን ናት። በ1998 የተከፈተው አዳራሽ ሐይቁ ዳር ነው። ከታዋቂው የእንጨት ድልድይና ከአሮጌው ከተማ በእግር ጥቂት ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። አርክቴክቱ ዣን ኑቬል ሰፊ ጠፍጣፋ ጣሪያ እስከ ውኃው ድረስ ዘረጋበት። የድምፅ ባለሙያው ራስል ጆንሰን ደግሞ ተጨማሪውን አየር በአዳራሹ ዙሪያ ባሉ ባዶ ክፍሎች ውስጥ አኖረው። ወደ እነዚህ ክፍሎች የሚያስገቡ ከባድ በሮች ግድግዳው ላይ አሉ። ትንሽ ኦርኬስትራ ሲጫወት ይዘጋሉ። ትልቅ መዘምራን ሲመጣ ይከፈታሉ፣ ያን ጊዜ ድምፁ ወደ ባዶዎቹ ክፍሎች ገብቶ፣ ዞሮ፣ ዘግየት ብሎ ይመለሳል።