ሳንቲም ሲወረወር፦ ዘውድ ወይስ ጎፈር?

ሳንቲም ወደ ላይ ሲወረወር የሚመጣው ወይ ዘውድ ነው ወይ ጎፈር። ሳንቲሙ እስካልተጣመመ ድረስ የእያንዳንዳቸው ዕድል 1/2 ይባላል። እዚህ ላይ የሚከራከር የለም። ጣጣው የሚመጣው ሁለተኛው ውርወራ ላይ ነው።

ሁለቴ ብንወረውር ቢያንስ አንዴ ዘውድ የማየት ዕድላችን ስንት ነው? ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዳላምበር እ.ኤ.አ. በ1754 ለኢንሳይክሎፒዲያ በጻፈው ጽሑፍ 2/3 ነው አለ። መጀመሪያውኑ ዘውድ ከመጣ አለቀ፣ ሁለተኛ መወርወር አያስፈልግም፤ ካልመጣ ደግሞ ከጎፈሩ ቀጥሎ ወይ ዘውድ ነው ወይ ጎፈር፤ እንግዲህ ከሦስት መንገድ ሁለቱ ያዋጣሉ ማለት ነው። ሲሰሙት ያሳምናል፣ ግን ስህተት ነው። ሦስቱ መንገዶች እኩል አይደሉማ! የመጀመሪያው ብቻውን ግማሹን ዕድል ይዟል፣ የቀሩት ሁለቱ ሩብ ሩብ ነው የሚደርሳቸው። ትክክለኛው መልስ 3/4 ነው። ዳላምበር ከተሳሳተ እኛም ብንሳሳት አይፈረድብንም።

ሌላው የተለመደ ስህተት የቁማርተኞቹ ነው። አምስት ጊዜ ተከታትሎ ዘውድ ሲመጣ "አሁን እንግዲህ የጎፈር ተራ ነው" የሚል አይጠፋም። ሳንቲም ግን ትዝታ የለውም፣ ስድስተኛውም ያው 1/2 ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 ሞንቴ ካርሎ ቁማር ቤት ውስጥ የሩሌት (ቀይና ጥቁር ቁጥሮች ባሉት ተሽከርካሪ ጎማ የሚጫወቱት ቁማር) ኳስ 26 ጊዜ ተከታትሎ ጥቁር ላይ ሲያርፍ፣ "ቀዩ አሁን ይመጣል" እያሉ ያስያዙ ሰዎች ኪሳቸው ባዶ ቀርቷል።

ታዲያ "በረጅሙ ግማሽ በግማሽ ይሆናል" የሚባለው ምንድን ነው? ጆን ኬሪች የሚባል የሒሳብ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዴንማርክ ውስጥ ታግቶ ሳለ፣ ጊዜ ተርፎታልና ሳንቲም 10,000 ጊዜ ወርውሮ ውጤቱን መዘገበ። ከመጀመሪያዎቹ 100 ውስጥ ዘውድ የመጣው 44 ጊዜ ነው፤ ከግማሹ በ6 አነሰ። መጨረሻ ላይ ደግሞ 5,067 ሆነ፤ ከግማሹ በ67 በለጠ። ልብ በሉ፣ በቁጥር ልዩነቱ ከ6 ወደ 67 አድጓል፣ በመቶኛ ሲታይ ግን ከ6 ወደ 0.67 ወርዷል። ሳንቲሙ ያጓደለውን ቆጥሮ አልከፈለም፣ ጉድለቱ በብዛት ተዋጠ እንጂ። ደግሞም 100 ጊዜ ወርውሮ ልክ 50 ዘውድ የማግኘት ዕድል 8 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ይህን በቤታችሁ መሞከር ይቻላል። አንዱ ሰው ሳንቲም 200 ጊዜ ወርውሮ ይመዝግብ፣ ሌላው ሳይወረውር ከጭንቅላቱ ፈጥሮ ይጻፍ። የፈጠረው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይነቃበታል፣ ምክንያቱም አንድ ዓይነት ገጽ ስድስቴ አከታትሎ መጻፍ "የማይመስል" ሆኖ ስለሚታየው ይፈራል። እውነተኛው ውርወራ ውስጥ ግን አንድ ገጽ እንዲህ ተከታትሎ የመታየቱ ዕድል ከ95 በመቶ በላይ ነው።

ሳንቲሙ ራሱስ ፍትሐዊ ነው? የሒሳብና የስታቲስቲክስ ሊቁ ፐርሲ ዲያኮኒስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳሰሉት፣ በአውራ ጣት ተፈናጥሮ በእጅ የሚቀለብ ሳንቲም ሲነሳ ወደ ላይ በነበረው ገጹ የማረፍ ዕድሉ 51 በመቶ አካባቢ ነው፣ አየር ላይ ሲሽከረከር ትንሽ ስለሚዋልል። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነ ጥናት 350,757 ውርወራ ተቆጥሮ 50.8 በመቶ ተገኘ። ከግማሽ በላይ የሆነችው ትንሽ ናት፣ ግን አለች። ከመወርወሩ በፊት የትኛው ገጽ ወደ ላይ እንደሆነ ያየ ሰው ይጠቀምባታል።

የተጣመመ ሳንቲም ብቻ ካላችሁም መላ አለው፣ የሒሳብ ሊቁ ጆን ፎን ኖይማን ያመጣው ነው። ሁለቴ ወርውሩ። ዘውድ ቀድሞ ጎፈር ከተከተለ አንዱ አሸነፈ፣ ጎፈር ቀድሞ ዘውድ ከተከተለ ሌላው። ሳንቲሙ ወደየትም ቢያደላ የሁለቱ ዕድል እኩል ነው። ሁለቴም አንድ ዓይነት ከመጣ አይቆጠርም፣ እንደገና ነው።