በጦርነት ጊዜ የመሬት አጠቃቀምን በሳተላይት መከታተል ምንድን ነው?

ጦርነት ሲባል ቶሎ ዓይናችን ላይ ድቅን የሚለው የፈረሰ ሕንጻ ነው። ማሳው ግን ያለ ድምፅ ይለወጣል። ገበሬው ይሸሻል፣ መስኖው ይቋረጣል፣ ይታረስ የነበረውን መሬት አረም ይወርሰዋል። ተኩስ ባለበት ቦታ ድረስ ሄዶ ማየት ደግሞ አይታሰብም። ስለዚህ ከላይ ይታያል። የአንድን ቦታ የሳተላይት ምስሎች ከጦርነቱ በፊት፣ በመሀሉና በኋላ እያነጻጸሩ መሬቱ ለምን ይውል እንደነበርና አሁን ምን እንደሆነ መለየት ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ የስለላ ሳተላይት የግድ አይደለም። የአሜሪካው ላንድሳት እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ምድርን ሲያነሳ ኖሯል፤ ክምችቱም ከ2008 ወዲህ ለማንም በነጻ ክፍት ነው። የአውሮፓው ሴንቲነል-2 ደግሞ በየ5 ቀኑ ገደማ ተመልሶ ያነሳል። የምስሉ እያንዳንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ትሸፍናለች። በዚህ ጥራት ሰው አይታይም፤ ማሳ ግን ይለያል። ደመና ካስቸገረ ደመናን አልፎ የሚያይ ራዳር አለ።

ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጥጣል፤ ዓይናችን የማያየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ግን ያንጸባርቃል። የሁለቱ ልዩነት ለድምራቸው ሲካፈል ኤንዲቪአይ የሚባል ቁጥር ይወጣል። ወደ 1 ከተጠጋ ልምላሜ ነው፤ ወደ 0 ከቀረበ ባዶ አፈር።

አንድ የስንዴ ማሳ እንውሰድ። ሲታረስ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ቡቃያው ሲያድግ ይወጣል፣ ሰብሉ ሲደርቅና ሲታጨድ ደግሞ ያሽቆለቁላል። ባለቤቱ ጥሎት የሄደው ማሳስ? እሱም አረንጓዴ ነው፤ አረምም እኮ ቅጠል አለው! ግን የእርሻው ዝቅታ የለም፣ አጨዳው አይታይም፣ ልምላሜውም ዥጉርጉር ነው። አንድ ምስል ብቻ አይቶ «ለምለም ነው፣ ችግር የለም» የሚል ሰው ጉድ ይሆናል። ወቅቱን ሙሉ መከተል ያስፈልጋል። አንድ ዓመት ጦም ያደረ መሬት ደግሞ የተጣለ ነው ማለት አይደለም፤ ገበሬው ሆን ብሎ አሳርፎት ሊሆን ይችላል።

ለእኔ ትልቁ ራስ ምታት ግን ምክንያቱ ነው። ድርቅም ማሳ ያደርቃል። ለዚህ ነው ተመሳሳይ ዝናብ የሚያገኝ፣ ግን ጦርነት ያልደረሰበት መሬት ለማነጻጸሪያ የሚፈለገው። በሶርያ የያርሙክ ወንዝ ተፋሰስ ላይ እንዲህ ተሠርቷል። ገበሬዎቹ ከተሰደዱ በኋላ በሶርያ በኩል በመስኖ የሚለማው መሬት በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ወደ ጎረቤት አገር ዮርዳኖስ የሚወርደው ውሃም ጨመረ፤ አካባቢው ከቀደመ ድርቅ ማገገሙም ድርሻ ነበረው። በዩክሬን ደግሞ የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት የናሳ የእርሻ ክትትል ፕሮግራም፣ ናሳ ሃርቨስት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የእርሻ መሬት ሳይዘራ መቅረቱን ከምስል ገምቷል።

ሰላም ሲወርድም ክትትሉ አይቆምም። በኮሎምቢያ እ.ኤ.አ. በ2016 መንግሥትና ፋርክ የተባለው አማፂ ቡድን ከተፈራረሙት የሰላም ስምምነት በኋላ የቡድኑ ታጣቂዎች ከጫካው ሲወጡ በአማዞን በኩል የደን ጭፍጨፋው ጨመረ። በምስሎቹ ላይ ደን የነበረው ቦታ የከብት ግጦሽ ሆኖ ይታያል። ማን እንደመነጠረው ግን ከምስል አይገኝም፤ ለዚያ የአካባቢውን ሰው መጠየቅ ነው።