ስንት ለስንት አለቀ? ስለ ኳስ ድጋፍ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አስቀድሜ ልናዘዝ፤ የአርሴናል ደጋፊ ነኝ። የምትስቁ ሳቁና እንቀጥል። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካሉት ዲኤስቲቪ ቤቶች በአንዱ፣ ከኋላ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ዕድሜዬን ገፍቻለሁ። ስለዚህ ይሄ ኳስ የማይወድ ሰው ምክር አይደለም። እዚያው አግዳሚ ላይ ስንባባል የኖርናቸውን፣ እኔም አምኜባቸው የከሰርኩባቸውን ነገሮች ነው የማነሳው።

“ኳስ የሚያይ ሰው ሥራ ፈት ነው”

ይቺ የእናቶቻችን ናት። እስቲ እናስላው። አንድ ክለብ በፕሪሚየር ሊጉ በዓመት 38 ጨዋታ አለው። አንዱን ከነዕረፍቱ 2 ሰዓት ብንይዘው 76 ሰዓት ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ አንድም ሳታስቀር ብታይ ሦስት ቀን ከአራት ሰዓት ነው። ይህቺን ያህል መዝናናት ለማንም አትበዛም።

ጊዜያችንን የሚበላው ጨዋታው አይደለም፣ ግራና ቀኙ ነው። እሑድ ማታ የጀመረው ፉገራ ሰኞን ይውላል፣ ማክሰኞ ቴሌግራም ላይ የዝውውር ወሬ ስናሳድድ ይመሻል፣ ረቡዕ ደግሞ ቻምፒየንስ ሊግ አለ፤ እሱ አውሮፓ ክረምት ሲሆን በእኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ስለሚጀምር ከሌሊቱ 7 ሰዓት በዚያ በደሴ ብርድ እየተንቀጠቀጥክ ቤትህ ትገባና ጠዋት ደንበኛ ፊት ስታዛጋ ትውላለህ። እናቶቻችን ሒሳቡን ቢስቱም ነገሩን አልሳቱትም።

“እውነተኛ ደጋፊ አንድም ጨዋታ አያመልጠውም”

ይቺን አምኜ ተዋርጃለሁ።

ቅሬን ለማያውቅ፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ለቀስተኛውን የሚያስተናግደው እሱ ነው። እኛ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ይወጣል። የቀረ ይቀጣል።

አንድ እሑድ ጎረቤታችን የነበሩ እናት አረፉ። ከቀብር መልስ አግዳሚ መደርደር፣ ውሃ ማቅረብ፣ የመጣውን ማስቀመጥ የእኛ የአራታችን ተራ ነበር። ጨዋታው ደግሞ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ትልቅ ጨዋታ። አሥራ ሁለት ከሩብ ሲሆን ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ማንም ሳይደውልልኝ “ሃሎ፣ ሃሎ” እያልኩ ከድንኳኑ ወጣሁ። ሲያልቅ ተመለስኩ። የቅሬው ዳኛ፣ ማለትም መሪው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በር ላይ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝ።

“ስንት ለስንት አለቀ?”

“አንድ እኩል፣ ጋሼ።”

“ጎሽ።”

ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቅጣቱን በወሩ ስብሰባ ከፈልኩ፤ ብሩ ምንም አልመሰለኝም። ያቺ “ጎሽ” ግን እስካሁን አልወጣችልኝም። ለንደን ያለው የአርሴናል ኤምሬትስ ስታዲየም ከ60 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። ያን ምሽት እኔ ባላይ አንድ ወንበር አይጎድልም ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ግን አራት ነበርን፣ ሦስት ሆኑ።

“ስሜት ነው፤ ቤት ገብቶ ቢያኮርፉስ ምናለበት?”

ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሚሠራ የማንቼ (የማንቸስተር ዩናይትድ) ደጋፊ ወዳጅ አለኝ። ደግ ሰው ነው፣ ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም። አንድ ማታ ኳስ አይተን ስናበቃ ቤቱ ወሰደኝ። እሱ ወደ ጓሮ ዞር ሲል ሦስተኛ ክፍል የምትማር ልጁ ተጠግታ በሹክሹክታ “ጋሼ፣ ማንቼ አሸነፈ?” አለችኝ። ልጅቷም ደጋፊ ሆናለች ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። “ምነው፣ ትወጃቸዋለሽ እንዴ?” አልኳት።

“አይ፣ የደብተር መግዣ ልጠይቀው ፈልጌ ነው።”

ነገርኩት። ብዙ ቆይቶ “እኔ እኮ ተቆጥቻት አላውቅም” አለ። እውነቱን ነው፣ አይቆጣም፤ ዝም ነው የሚለው። ልጅ ደግሞ ዝምታን ከሊጉ ሰንጠረዥ ጋር ማመሳከር ከቻለች ቤቱ ውስጥ ስንት ቅዳሜና እሑድ እንዳለፈ አስቡት።

“ሻንክሊ ራሱ ኳስ ከሞትና ከሕይወት በላይ ነው ብሏል”

ይህቺን ጥቅስ የማያውቅ ደጋፊ የለም፤ በተለይ የሊቨርፑሎቹ። ቢል ሻንክሊ ከ1959 እስከ 1974 (ሁሉም በፈረንጆቹ ነው) ሊቨርፑልን ያሠለጠነ ስኮትላንዳዊ ነው። ቃሉን የተናገረው በ1981 በቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ላይ ነው። የማይጠቀሰው ቀጥሎ ያለው ነው። እዚያው ላይ ለኳስ ሲል የከፈለው ነገር እንደሚጸጽተው፣ ቤተሰቡ ችላ ተብሎ እንደተጎዳ ተናግሯል። እኛ ግማሹን ቆርጠን ፉከራ አደረግነው፤ ሰውየው ግን ጸጸቱን ነበር የሚያወራው። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ላይ አረፈ።

ሊቨርፑል በ1989 በሂልስቦሮ አደጋ 97 ደጋፊዎቹን ያጣ ክለብ ነው። ሞትና ኳስ የቱ እንደሚበልጥ እዚያ ከተማ ሄዶ የሚከራከር ያለ አይመስለኝም።

“ኳስ የገባው ሰው በቤቲንግ አይበላም”

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከፉገራም ከኩርፊያም በላይ ቤት የሚያፈርሰው ይሄኛው ነው። ልጁ ኳስ ያውቃል፣ ማን እንደተጎዳ ማን ካርድ እንዳለበት ሳይቀር በቃሉ ነው። 10 ጨዋታ ይመርጣል። ሁሉም የማይሸነፉ የሚመስሉ ቡድኖች ናቸው፣ ኦዳቸው (ብርህ የሚባዛበት ቁጥር) 1.5። በ20 ብር ትኬት 1,153 ብር ይታየዋል። ደስ ይላል!

አሁን ገልብጠን እንየው። የ1.5 ኦድ ትርጉሙ ይህ ቡድን ሦስቴ ቢጫወት ሁለቴ ያሸንፋል እንደማለት ነው። ሦስተኛዋ ምን ጊዜ እንደምትመጣ አታውቅም። አሥሩም በአንድ ትኬት ላይ አብረው የመግባታቸው ዕድል ከ100 ትኬት 2 እንኳ አይሞላም። ይህም አቋማሪው ቤት የራሱን ሳይቆርጥ ነው። ቤቱ በየጨዋታው 5 ከመቶ ያህል ለራሱ ቢያስቀር፣ ያቺ 5 አሥር ጊዜ ስትደራረብ ከምታስገባው 100 ብር በአማካይ ወደ 60 ብር ብቻ ነው የሚመለሰው። ጨዋታ በጨመርክ ቁጥር የሚጨምረው የእነሱ ድርሻ ነው።

“አንዷ ናት የበላችኝ!” ሲባል ትሰማላችሁ አይደል? ሁሉንም የምትበላው አንዷ ናት። የተሠራውም እንደዚያ ነው። ኳስ ማወቅህ ሒሳቡን አይቀይረውም። ለቤት ኪራይ የተቀመጠ ብር ይዞ የገባ ወዳጅ ካላችሁ ምክሩን ተዉና ይህንን ሒሳብ ወረቀት ላይ ሥሩለት።

“የእኛ አገር ኳስም ኳስ ሆኖ?”

ይህቺን ባጭሩ። ኢትዮጵያ በ1954 ዓ.ም. በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት ግብፅን አዲስ አበባ ላይ 4 ለ 2 ረታ የአፍሪካ ዋንጫ ያነሳች አገር ናት። አሁን የት እንዳለን አውቃለሁ፣ አትንገሩኝ። ግን እዚሁ ደሴ ሆጤ ሜዳ ሄዳችሁ “አይዞህ!” ብትሉት ዞሮ የሚያያችሁ ተጫዋች አለ። ለንደን ያሉት አይሰሙንም። እኔ ራሴ ለስንት ዓመት ቴሌቪዥን ላይ ስጮህ ኖርኩ።

“ኳስን በልኩ ያዝ ማለት ተወው ማለት ነው”

አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም. አርሴናል ሌስተርን 2 ለ 0 አሸነፈ። ማንቼም በዚያው ቀን ቶተንሃምን 3 ለ 0 ረትቷል። እኔ ይህንን ያወቅኩት ከወር በላይ ቆይቼ ነው። ጦርነቱ ደሴ የደረሰበት ቀን ነበርና በሐረጎ ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ከሚወርደው ሕዝብ መሃል ነበርኩ፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ ልጅ ያዘለ፣ በግ የሚጎትት። ከጎኔ የሚሄደው ሰው የማንቼ ይሁን የቼልሲ አልጠየቅኩትም።

ከተማው ተረጋግቶ ያ ዲኤስቲቪ ቤት ሲከፈት ግን መጀመሪያ የሄድኩት እዚያ ነው። ከአርሴናል ልጆች ይልቅ ዓይኔ የፈለገው ሁልጊዜ የሚፎግረኝን አንዱን ማንቼ ነበር። ከበሩ ሲገባ አየሁት። ተቃቀፍን። “አብሽር፣ አለን” አለኝ። ያን ቀን ማን ከማን እንደተጫወተ አላስታውስም።

አሁንም አያለሁ። አሁንም እናደዳለሁ። ባለፈው አንድ እሑድ ደግሞ ተራ ደረሰኝና ድንኳን ውስጥ አመሸሁ። ስልኬን ኪሴ ውስጥ ዘግቼ። ለቀስተኛው ተሸኝቶ አግዳሚውን ሰብስበን ስንጨርስ የቅሬው ዳኛ ጠሩኝ።

“ስንት ለስንት አለቀ?”

“አላየሁም ጋሼ፣ እዚሁ ነበርኩ።”

ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው አንዲት ትንሽ ራዲዮ አወጡ። አሁን ነው የከፈቷት መሰለኝ፣ ገና ትንጫጫለች። ጆሯቸው ላይ ለጠፏትና ትንሽ አዳመጡ።

“ሁለት ለአንድ” አሉኝ። “አሸንፈናል።”