ሃሰልብላድ 500ሲ/ኤም፦ ያገለገለ የሚዲየም ፎርማት ካሜራ አሻሻጥ

ሃሰልብላድ 500ሲ/ኤም በስዊድን፣ ጎተንበርግ ከተማ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1970 ለገበያ የቀረበ የሚዲየም ፎርማት ካሜራ ነው። የሚጎርሰው 120 የሚባለውን ጥቅል ፊልም ነው። ኮዳክ በ1901 ያወጣው ይህ ፊልም ወርዱ 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በተለመደው የፊልም መያዣ ከአንድ ጥቅል 12 ፎቶ ይወጣል። እያንዳንዱ ኔጋቲቭ ከ35 ሚሊ ሜትሩ በስፋት ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጣል። የዚህ ቤተሰብ ካሜራዎች ምርት በ2013 ስለቆመ፣ ዛሬ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው ያገለገለው ነው።

ዲጂታል ሲመጣ የስቱዲዮና የሠርግ ባለሙያዎች እነዚህን ካሜራዎች በገፍ አውጥተው ሸጡ፤ ዋጋቸውም ወረደ። በኋላ ፊልም የሚወድ ወጣት ትውልድ መጣና ገበያው መልሶ አንሰራራ። ዲጂታሉ ራሱም አግዞታል፦ የካሜራው ሠሪ ሃሰልብላድ በ2024 ያወጣው 100 ሜጋፒክስል ያለው ሲኤፍቪ 100ሲ የተባለ ዲጂታል ጀርባ በፊልም መያዣው ቦታ በአሮጌው አካል ላይ ይገጠማል። የሕዋ ዝናም አለ። ጠፈርተኛው ዋሊ ሺራ በ1962 ከሂዩስተን ሱቅ የገዛውን 500ሲ፣ የዚህን ካሜራ ቀዳሚ ሞዴል፣ ይዞ ወጥቷል፤ በ1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ያረፈው ሃሰልብላድ ይዞ ነው። ይህን ታሪክ በማስታወቂያ ላይ መደርደር ግን ብዙም አይጠቅም። ገዢው ማወቅ የሚፈልገው የሚገዛው ካሜራ ይሠራ እንደሆነ ነው።

ካሜራው ከአራት ክፍሎች ይገጣጠማል፦ አካሉ፣ ሌንሱ፣ የፊልም መያዣውና ከላይ የሚታይበት ማያ። ሻጭ በደንብ ሊያውቀው የሚገባው ይህን ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዋጋና የራሱ ሕመም አለው። የአካሉ ዕድሜ የሚታወቀው መያዣው ሲወልቅ ከኋላ በሚታየው ቁጥር ነው። ከቁጥሩ ፊት ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ፤ የሚፈቱትም የኩባንያው መሥራች የቪክቶር ሃሰልብላድ ስም መነሻ ፊደላትና «ፒክቸርስ» የሚለው ቃል ተጣምረው በሚሰጡት ቁልፍ ነው፦ ቪ 1፣ ኤች 2፣ ፒ 3፣ አይ 4፣ ሲ 5፣ ቲ 6፣ ዩ 7፣ አር 8፣ ኢ 9፣ ኤስ 0። ስለዚህ «ዩሲ» ያለበት አካል የ1975 ነው። የፊልም መያዣው ደግሞ ውስጠኛ ክፍሉ ላይ ያለው ሦስት አሃዝ ከውጪኛው ቁጥር የመጨረሻ ሦስት አሃዞች ጋር መግጠም አለበት። ሁለቱ አብረው ከፋብሪካ የወጡ ካልሆኑ ዋጋው ይቀንሳል፤ ገዢዎችም ይህን ቁጥር ከሁሉ በፊት ይጠይቃሉ።

ከዲጂታል የመጣ ገዢ የሚደነግጥበት ነገር አለ። ካሜራው ተተኩሶ ሲያበቃ ምስሉን ወደ ማያው የሚያንጸባርቀው መስታወት ወደ ቦታው አይመለስም፤ ማያው ጨለማ ሆኖ ይቀራል። በቀኝ በኩል ያለው መጠምዘዣ አንድ ዙር ሲዞር ነው ምስሉ የሚመለሰው። ይህ ብልሽት ሳይሆን ተፈጥሮው ነው፤ ሻጭ አስቀድሞ ቢነግር ከብዙ የስልክ ንትርክ ይድናል። ዳርክ ስላይድ የሚባለው፣ ፊልሙን ከብርሃን የሚጋርደው ስስ ብረት መያዣው ውስጥ እስካለ ድረስም ካሜራው አይተኩስም።

ሸተሩ፣ ማለትም ብርሃን ለቅጽበት ወደ ፊልሙ የሚያሳልፈው መዝጊያ፣ ያለው ሌንሱ ውስጥ ነው፤ ፍጥነቱም ከ1 ሰከንድ እስከ 1/500 ይደርሳል። ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ የቆየ ሌንስ ቅባቱ ስለሚወፍር የመጀመሪያ ሕመሙ በዝግተኛው ፍጥነት ይታያል፦ 1 ሰከንድ ላይ ሲተኮስ ድምፁ መሃል ላይ ይጎተታል ወይም ይቆማል። ቀጥሎ የሌንሱን የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ ከፍቶ በባትሪ መብራት ከጎን ማየት ነው። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ክር ካለ ሻጋታ ነው፤ ጠርዝ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ቀለበት ካለ የመስታወቶቹ ማጣበቂያ መልቀቅ ጀምሯል። ሁለቱም ተደብቀው አይቀሩም።

በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት «ሞክሬው አላውቅም» ብሎ መጻፍ ነው። ገዢ ይህን ሲያነብ የከፋውን ገምቶ ዋጋ ይሰብራል። አንድ ጥቅል ፊልም አንስቶ አሳጥቦ ፎቶዎቹን ማሳየት ውሃ የሚያነሳ ማስረጃ ነው። ብርሃን የሚያስገባ መያዣም የሚጋለጠው ያኔ ነው፦ በዳርክ ስላይዱ ቀዳዳ በኩል ያለው የብርሃን መከላከያ ካረጀ ፎቶው ጠርዝ ላይ ጭረት ይወጣል። ጥገናው ቀላል ስለሆነ ከመሸጥ በፊት ማስቀየር ይበጃል።

ዋጋ ሲተመን መታየት ያለበት ሻጮች የሚጠሩት ሳይሆን ዕቃው በእርግጥ የተሸጠበት ነው፤ ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል። ያገለገለ ካሜራ የሚገዙ ሱቆች ዋጋ ቀንሰው ይሰጣሉ፤ መርምረው፣ አስጠግነው፣ ዋስትና ሰጥተው ስለሚሸጡ ይህ ፍትሐዊ ነው። ጊዜና ትዕግሥት ያለው ግን ራሱ ቢሸጥ፣ አንዳንዴም ክፍሎቹን ለየብቻ ቢሸጥ፣ የተሻለ ያገኛል።

በፖስታ የሚላክ ከሆነ ሌንሱ ከአካሉ ከመለየቱ በፊት መጠምዘዣው እስከ መጨረሻው ተዞሮ ሁለቱም የተወጠሩ፣ ማለትም ለመተኮስ የተዘጋጁ፣ መሆን አለባቸው። ያልተወጠረ ሌንስ ከተወጠረ አካል ጋር በትክክል አይገጥምም፤ በግድ ከተገፋ ካሜራው ሊቆለፍ ይችላል። እንዲህ ያለ ሌንስ ከመገጠሙ በፊት የሚወጠረው በጀርባው ያለችውን ጭረት ያላት ብሎን በካቻቢቴ በማዞር ነው። ይህችን አሠራር በወረቀት ጽፎ ሳጥኑ ውስጥ መጨመር ለአዲሱ ባለቤት ትልቅ ውለታ ነው።