ቀሚስ፣ ነጠላና ሹሩባ፦ የሴት ልብስ በኢትዮጵያ ደጋ

በኢትዮጵያ ደጋ የሴት ልብስ ገላ ከመሸፈን ያለፈ ሥራ አለው። ያላገባች ትሁን ባለትዳር፣ ሐዘን ላይ ትሁን ደስታ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን እየሄደች ይሁን ገበያ፣ አፏን ሳትከፍት ልብሷ ይናገርላታል። ብዙ ጊዜም ይናገርባታል። የሐበሻ ቀሚስን ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ማንበብ ይቻላል።

ነገሩ የሚጀምረው ከጥጥ ነው። ጥጡን መዳመጥ፣ በደጋን መንደፍና በእንዝርት መፍተል የሴት ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ልቃቂቱ ግን ወደ ሸማኔው ይሄዳል፤ ሸማኔው ደግሞ በልማድ ወንድ ነው። እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ ድሩን ይዘረጋል፣ ማጉን በመወርወሪያ ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል። በአዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ያለው የሽሮ ሜዳ ገበያ የቆመው በአብዛኛው ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ አካባቢ በመጡ የዶርዜ ሸማኔዎች እጅ ነው። በበዓል ቀን የምንኮራበትን ልብስ የሚሠራው ሰው ለዘመናት «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ሲሰደብ መኖሩን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ስድቡ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ስላዩ ነው።

የገጠሩ ቀሚስ ዛሬ በሠርግ ፎቶ ላይ ከምናየው የተለየ ነው። ሰፊ ነው፣ ወገቡ ላይ የተሸነሸነ፣ በመቀነት የሚታሰር። መቀነቱ ረዥም ነው፤ ወገብ ላይ ብዙ ጊዜ ይዞራል። እንስራ ለሚሸከም፣ ልጅ ለሚያዝል፣ ሲያጭድና ሲያርም ለሚውል ወገብ ድጋፍ ነው። ጫፉ ላይ የተቋጠረው ሳንቲም ደግሞ የሴትየዋ የግሏ ገንዘብ ነው፤ ከእንቁላልና ከጌሾ ሽያጭ የመጣ፣ ባል የማይቆጥረው። አማርኛ ቀስተ ደመናን «የማርያም መቀነት» ማለቱ ለዚህ ጨርቅ የሰጠውን ቦታ ያሳያል።

ጸጉርም እንደ ልብሱ ይነበብ ነበር። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጃገረድ አናቷን ተላጭታ ዙሪያውን ታሳድጋለች፤ ይህ ሳዱላ ይባላል። ስታገባ የተላጨው ይሞላል፣ ሹሩባም ትሠራለች። ቃሉ ከጸጉሩ አልፎ የልጅቷ መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል፦ ሳዱላ ማለት ልጃገረድ ማለት ሆነ። ለሹሩባ ሴቶች ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው አንዷ የሌላዋን ጸጉር ጉልበቷ መሐል አድርጋ ትጎነጉናለች፤ ለጋ ቅቤ ይቀባል፣ ወሬው ይደራል። እጅና እግር በእንሶስላ ሥር ይቀላል፣ ዓይን ይኳላል፣ አንገትና ድድ ይነቀሳል። ንቅሳቱን እንደ ጌጥ አይተው በደስታ የተነቀሱ አሉ፤ በልጅነታቸው ተይዘው የተወጉም አሉ። ዛሬ ከተማ ውስጥ ለማስጠፋት ሐኪም ዘንድ የሚሄዱትን «ባህሏን ካደች» ብሎ መውቀስ ቀላል ነው። መርፌው ሲወጋት ማን ጠየቃት?

የልብሱ ሰዋስው እጅግ የረቀቀው ነጠላ ላይ ነው። ስሙ እንደሚለው አንድ ንብር ነው፤ ኩታ ሁለት፣ ጋቢ አራት ይሆናል። አንድ ነጠላ ግን እንደ አደራረቡ ሌላ ሌላ ነገር ይናገራል። ለቅዳሴ ሁለቱ ጫፎች ትከሻ ላይ ተመሳቅለው ይጣላሉ። ለሥራና ለመስተንግዶ ወገብ ላይ ይታሰራል። ለሐዘን ይዘቀዘቃል፦ ከታች መዋል የነበረበት ጥለት ወደ ላይ፣ ወደ አንገትና ፊት ዙሪያ ይመጣል። ልጅ ሆኜ አክስቴ ወደ ለቅሶ ስትሄድ ደጃፉ ጋ ቆም ብላ ነጠላዋን ስትገለብጥ ትዝ ይለኛል። ጣቶቿ ጥለቱን ሳያዩ ያገኙታል፤ ከአንድ ትንፋሽ ባልበለጠ ጊዜ ወደ ገበያ ልትሄድ የተነሣች ከምትመስለው ሴት ወደ ሐዘንተኛ ትለወጣለች። ስትመለስ እዚያው ደጃፍ ላይ ታቃናዋለች። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያስተምረኝ መንገድ ላይ የማያትን ሴት ሁሉ ጥለቷን እያየሁ ማን ሞቶባት ይሆን እላለሁ።

በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎችም እንዲሁ ነው። በሐረር ያገባች የሐረሪ ሴት ጸጉሯን ከጆሮዋ ኋላ ለሁለት ጠቅልላ ጉፍታ በሚባል መረብ ትሸፍናለች። በደቡብ ኦሞ በሐመር የመጀመሪያ ሚስት ከሌሎቹ የምትለየው በአንገቷ ጌጥ ነው። በዋግ፣ በላስታ፣ በራያና በትግራይ ደግሞ ከፍልሰታ ጾም ፍቺ ጀምሮ፣ ከነሐሴ 16 ወዲህ፣ የሻደይ፣ የአሸንድዬና የአሸንዳ ቀናት ናቸው። ልጃገረዶች ረዥሙን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ተሹረበውና ተኳኩለው ከበሮ እየመቱ ከቤት ቤት ይዞራሉ። ዓመቱን ሙሉ «ዝቅ በይ፣ ድምፅሽን ቀንሺ» የምትባለው ልጅ በእነዚህ ቀናት መንገዱ የእሷ ነው። ማጌጥ እዚህ ላይ ይናገርላታል።

ክብር ከላይ ወደ ታች ሲወርድም በልብስ ይታያል። በወርቅ ጥልፍ ያሸበረቀው ካባ የነገሥታትና የመኳንንት ነበር። ዛሬ ከተማ ውስጥ ሙሽራ በሠርጓ ቀን የፈረንጁን ነጭ ቬሎ፣ በመልሱ ቀን ደግሞ ሐበሻ ቀሚስ ከነካባው ትለብሳለች፤ የማንም ልጅ ብትሆን። «ወይዘሮ» የሚለው ማዕረግ ከትልቅ ቤት ሴቶች ወርዶ ያገባች ሴት ሁሉ መጠሪያ እንደሆነ፣ ካባውም አብሮ ወርዷል።

የሴት ልብስ የአገር ማንነት ክርክር ሜዳ የሆነበት ቀን ግን በተለይ መታወስ አለበት። በመጋቢት 1960 ዓ.ም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በራስ መኰንን አዳራሽ የፋሽን ትርኢት ተዘጋጀ። ሚኒ ስከርት አዲስ አበባ የገባበት ዘመን ነው። ተማሪዎች ትርኢቱን የምዕራባውያን የባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙ። ሊያዩ በመጡት ላይ፣ ሴት ተማሪዎችም ባሉበት፣ እንቁላል ተወረወረ፤ ፖሊስ ገባ፣ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። ስለ ተማሪው ንቅናቄ ሲወራ ይህ እንደ ትንሽ ግርግር ይታለፋል። እኔ ግን ትንሽ ሆኖ አይታየኝም። የንቅናቄው ወንዶች ራሳቸው ኮትና ሱሪ ለባሾች ነበሩ፤ ሱሪያቸውን ከአገር ክህደት የቆጠረባቸው አልነበረም። ያው የፈረንጅ ልብስ ወንድ ላይ ሲሆን መማር፣ ሴት ላይ ሲሆን መዋረድ ተባለ። የአገር ክብር ተጠባቂ ሆና የተገኘችው እሷ ነበረች፤ ምን እንደምትለብስ የተሟገቱላት ደግሞ በአብዛኛው ሌሎች። በየታክሲው ስለ ቁምጣና ስለ ጠባብ ሱሪ ዛሬ የምንሰማው ንትርክ የዚያ ክርክር ቅጥያ ነው።

«ጥንታዊ» የምንለው ቀሚስም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ሽንሽኑ ሰውነት ላይ ወደሚያርፍ ስፌት ተለወጠ፣ እጅጌው አጠረ፣ ነጩ መደብ ጥቁርም ሰማያዊም ሆነ። ፈትልና መነን ከሚባሉት ጨርቆች ቀጥሎ ሽፎን መጣ፤ ጥለቱ የታተመበት ርካሽ ጨርቅም ከውጭ ገባ፣ ሸማኔውንም ጎዳ። ሌላም መንገድ ተከፍቷል፦ ሞዴሊስቷ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ድርጅት ስትመሠርት ሸማኔዎች ሥራ እያጡ መሆኑን አይታ ነው።

ከአገር ውጭ ቀሚሱ ሌላ ሸክም ይሸከማል። በእስራኤል የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን አይሁድ፣ ቤተ እስራኤላውያን፣ ሲግድ የተባለውን በዓላቸውን ሲያከብሩ፣ በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ ብሔራዊ ከመሆኑ በፊትም በኋላም፣ እናቶች በነጭ ልብስ ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣሉ። በዋሽንግተን አካባቢ ለሠርግ የምትዘጋጅ ልጅ ልኳን በስልክ ወደ ሽሮ ሜዳ ትልካለች፣ ጥለቱን በቪዲዮ ትመርጣለች፣ ቀሚሱ በመንገደኛ ይደርሳታል። እናትየው ወገቡ ትንሽ ሰፋ ቢል ትላለች፤ ልጅቷ እንደዚህ ነው የፈለግሁት ብላ ትለብሰዋለች። ነጠላውን ትከሻዋ ላይ የምታስተካክልላት ግን አሁንም እናቷ ናት።