ኦርደር ምንድን ነው?
ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ሥር ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብለናል። የእህቴ ልጅ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። «አልፋቤቲካል ኦርደር» የሚለውን «የፊደል ትእዛዝ» ብላ ጻፈችው። አልፈረድኩባትም። አስተናጋጇ እኛን «ኦርደር ሰጥታችኋል?» ብላ፣ ጎናችን ያሉትን ሽማግሌ ደግሞ «አባባ፣ ምን ልታዘዝ?» ስትል ሰምታለች። በእኛ አፍ ኦርደር ማለት ትእዛዝ ነው፣ አለቀ።

ቃሉ ግን ሲነሳ ትእዛዝ አልነበረም። ሥሩ የላቲኑ ኦርዶ ነው፤ ተርታ፣ ረድፍ ማለት ነው። ኦርዶን ደግሞ ድር ማድራት፣ ሽመና መጀመር ከሚል የላቲን ግሥ ጋር ያዛምዱታል። ሸማኔ ቤት ገብቶ ያየ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል። ማጉ ከመግባቱ በፊት ድሩ ክር በክር፣ ጎን ለጎን ተወጥሮ ይዘረጋል፣ አንዱ ክር ከቦታው ከወጣ ደግሞ ጨርቁ ላይ እስከ መጨረሻው ይታያል። ኦርደር ያ የተሰለፈ ክር ነው።

ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ የገባው እ.ኤ.አ. 1200 ገደማ ነው። መጀመሪያ የሚጠሩበት በአንድ ደንብ የሚኖሩ መነኮሳትን ነበር። ሐረር ላይ ተፈሪ መኮንንን ያስተማሩት ሞንሲኞር ዣሮሶ ካፑቺን የሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ኦርደር አባል ነበሩ ሲባል በዚህ ትርጉሙ ነው። «አድርግ፣ አታድርግ» የሚለው ትእዛዝ የመጣው በ16ኛው መቶ ዘመን ነው። ምግብና መጠጥ ማዘዙማ ከዚያም በኋላ ነው። እኔ እንደሚገባኝ መንገዱ ቀላል ነው፤ ነገሩን ተርታ የሚያስይዘው ሰው ቃል ራሱ ኦርደር ተባለ። ኤቲኤም ላይ «አውት ኦፍ ኦርደር» ሲል ማሽኑ አልታዘዝም ማለቱ አይደለም፣ ከደንቡ ወጥቷል ነው።

በጣም የምወደው ግን ኦርዲናሪ የሚለውን ቃል ነው። እሱም ከኦርዶ ነው የወጣው። በተርታው ያለ፣ የተለመደ ማለት ነው። አማርኛችን ደግሞ ከላቲን ምንም ሳይዋስ እዚያው ደርሷል! ወረፋውም «ተራ» ነው፣ ማዕረግ የሌለው ወታደርም «ተራ ወታደር» ነው።

ደብተሯ ጀርባ ላይ ድሩን ሳልኩላትና አስረዳኋት። ዝም ብላ አየችው። «ታዲያ ተራ ነዋ!» አለችኝ። ትእዛዝ የሚለውን ሰርዛ «የፊደል ተራ» ብላ ጻፈች።